ሳይፈርሙ ማስላት፦ ለሠራተኛ እናቶች

ባል በግዳጅ ላይ ሳለ ቤቱን በደመወዟ ደግፋ የያዘች ሚስት በየጦር ሰፈራችን ጥቂት አይደለችም። እንዲህ ያለችው እናት ከምትሠራበት የግል ድርጅት ቢሮ ተጠርታ፣ «ልጆች ስላሉሽ ፈረቃው አልተመቸሽም፤ ይህን ገንዘብ ተቀብለሽ በስምምነት እንለያይ» ብትባል ምን ልትመልስ ይገባታል? በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ሕጉን እንወቅ። የሠራዊቱ አባል በራሱ ሕግ ይተዳደራል፤ በግል ድርጅት የምትሠራ ባለቤቱ ግን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትጠበቃለች። በአንቀጽ 25 መሠረት የሥራ ውል በስምምነት ሊቋረጥ ይችላል፤ ሆኖም ስምምነቱ ሠራተኛዋን የሚያስገድዳት በጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው። በሕግ የተሰጣትን መብት ትቻለሁ ብላ ብትፈርም እንኳ መተዉ በሕግ ፊት አይጸናም። አንቀጽ 26 ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊነትና እርግዝና ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆኑ ደንግጓል። ስለዚህ ልጅ ማሳደግ ጥፋት አይደለምና እናት አንገቷን ደፍታ ልትደራደር አይገባም።

የቀረበው ገንዘብ መብዛቱና ማነሱ የሚታወቀው በሕግ ከሚገባው ጋር ሲነጻጸር ነው። ለምሳሌ ስድስት ዓመት ያገለገለች፣ የቀን አማካይ ደመወዟ 300 ብር የሆነ ሠራተኛ በቅነሳ ብትሰናበት፣ ለመጀመሪያው ዓመት 9,000 ብር፣ ለቀሩት አምስት ዓመታት በየዓመቱ የዚሁ ሲሶ፣ ማለትም 15,000 ብር፣ ስለ ቅነሳውም የ60 ቀን ደመወዝ 18,000 ብር፣ በድምሩ 42,000 ብር ይገባታል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ካልተሰጣት ሌላ 18,000 ብር ይታከላል። እንግዲህ አሠሪው «ልዩ ስጦታ» ብሎ 45,000 ብር ቢያቀርብላት፣ የሰጣት ስጦታ ሳይሆን ከገዛ ገንዘቧ 15,000 ብር የጎደለ ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያም ገና አልተቆጠረም።

«በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ሐረግ በሰነዱ ውስጥ ካለ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል፤ በፈቃድ መልቀቅና በቅነሳ መሰናበት የሚያስገኙት ክፍያ አንድ አይደለምና።

መልሱ አጭርና በጽሑፍ ይሁን። ሠራተኛዋ የስንብቱ ምክንያትና የሒሳቡ ዝርዝር በደብዳቤ እንዲገለጽላት፣ ለማሰብም ቀን እንዲሰጣት ትጠይቅ፤ ፈረቃ መለወጥ የሚቻል እንደሆነም በዚያው ታንሣ። ቀን ጽፋ ቅጂውን ታስቀር። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ለማኅበሩ፣ ከሌለ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ታማክር። «እንነጋገራለን» በሚል ተስፋ ግን ጊዜው እንዳያልፍባት፤ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር፣ የክፍያ ጥያቄም በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል።

በግዳጅ ላይ ለምትገኙ አባወራዎችም የምንለው አለን። ባለቤትህ ነገሩን በስልክ ስታዋይህ «ተይው፣ ፈርሚና ውጪ» ለማለት አትቸኩል። ወረቀቱን አንብባልህ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ። በዚያ ደመወዝ የልጆች ቀለብና የትምህርት ቤት ወጪ ይሸፈናል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከፊርማ በኋላ የሚለቀም ብዙ እንዳይሆን ከፊርማ በፊት ማስላት ይበጃል።