ሊበሰብሱ የሚችሉ ፖሊመሮችን በማለስለሻና በቅይጥ ማሻሻል

ሊበሰብሱ የሚችሉ ፖሊመሮች በባክቴሪያ፣ በፈንገስና በሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ተበልተው በመጨረሻ ወደ ውኃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የተሕዋስያኑ አካል የሚለወጡ ቁሶች ናቸው። አብዛኞቹ ለብቻቸው ሲሠሩ በቀላሉ ይሰባበራሉ፣ ሙቀት አይችሉም፣ ወይም እርጥበት ያበላሻቸዋል። ይህን ጉድለት ለማረም ሁለት የታወቁ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ፕላስቲሳይዘር የሚባል ማለስለሻ መጨመር ሲሆን፣ ሁለተኛው ፖሊመሩን ከሌላ ፖሊመር ጋር መቀየጥ ነው።

የፖሊመሮቹ ጉድለት

ፖሊላክቲክ አሲድ የሚሠራው የበቆሎ ወይም የሸንኮራ አገዳ ስኳር ተብላልቶ ከሚገኘው ላክቲክ አሲድ ነው። ጥርት ያለና ጠንካራ ቢሆንም ሲሳብ አብዛኛውን ጊዜ የርዝመቱን 10 በመቶ እንኳ ሳይለጠጥ ይበጠሳል። ሙቀቱ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ደግሞ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ከተራ ፖሊላክቲክ አሲድ የተሠራ ኩባያ ትኩስ ሻይ ሲቀዳበት ቅርጹን ያጣል።

ፖሊሃይድሮክሲቢዩቲሬት እ.ኤ.አ. በ1926 በፈረንሳዊው ሞሪስ ለሟኝ በባክቴሪያ ውስጥ ተገኘ። የሚቀልጠው በ175 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ነገር ግን ተሰባሪ ከመሆኑም በላይ ከሚቀልጥበት ሙቀት ብዙም ሳይርቅ መፈራረስ ይጀምራል። ስታርች ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ደረቁን ሲያሞቁት ከመቅለጡ በፊት ያርራል።

ማለስለሻ እንዴት ይሠራል?

ፖሊመር እርስ በርስ የሚሳሳቡ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ስብስብ ነው። የማለስለሻ ትናንሽ ሞለኪውሎች በሰንሰለቶቹ መካከል ገብተው መሳሳቡን ይቀንሳሉ። ሰንሰለቶቹም አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ ይንሸራተታሉ፤ ቁሱም ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ የሚለሰልስበት ሙቀትም ዝቅ ይላል።

የእንጀራ ድርቆሽ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። እንጀራ የሚጠቀለለው በውስጡ ያለው ውኃ የስታርቹን ሰንሰለቶች ስለሚያላላ ነው። ውኃው ሲተን እንጀራው ደርቆ ይሰባበራል፤ ወጥ ሲፈስበት ግን መልሶ ይለሰልሳል። ዘዴው በኢንዱስትሪም አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት እ.ኤ.አ. በ1870 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሴሉሎይድ ናይትሮሴሉሎስ በካምፎር ለስልሶ የተሠራ ነበር።

ለስታርች በብዛት የሚጨመሩት ውኃ፣ ግሊሰሮልና ሶርቢቶል ናቸው። ስታርቹ ከእነዚህ ጋር በሙቀትና በግፊት ሲታሽ እንደ ሌላ ፕላስቲክ ቀልጦ ቅርጽ የሚይዝ ይሆናል። ለፖሊላክቲክ አሲድ የሲትሪክ አሲድ ኤስተሮችና ፖሊኤቲሊን ግላይኮል ያገለግላሉ፤ ብዙ ጊዜ መጠናቸው ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው።

ማለስለሻ ዋጋ ያስከፍላል። የመለጠጥ ችሎታ ሲጨምር ጥንካሬና ሙቀት የመቋቋም አቅም ይቀንሳሉ። በተጨማሪም ትናንሾቹ ሞለኪውሎች ከጊዜ ብዛት ወደ ገጽ ይወጣሉ፣ ወይም ወደተጠቀለለው ምግብ ይሸጋገራሉ፤ ፕላስቲኩም እንደገና ይደርቃል። ስለዚህ በቀላሉ የማይተንና መርዛማ ያልሆነ ማለስለሻ ይመረጣል።

መቀየጥ

በመቀየጥ ጊዜ የአንዱ ፖሊመር ጉድለት በሌላው ጠባይ ይካካሳል። ፖሊቢዩቲሊን አዲፔት ቴሬፍታሌት፣ በአጭሩ ፒባት፣ ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ቢሆንም ሊበሰብስ የሚችልና በጣም ተለጣጭ ፖሊመር ነው። ከግትሩ ፖሊላክቲክ አሲድ ጋር ሲቀየጥ ለከረጢትና ለእርሻ መሸፈኛ የሚሆን ስስ ፕላስቲክ ይወጣዋል። የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ ኢኮቪዮ የሚባለው ምርት የእነዚህ የሁለቱ ቅይጥ ነው። የጣሊያኑ ኖቫሞንት ማተር-ቢ ደግሞ ስታርችን ከሌሎች ሊበሰብሱ ከሚችሉ ፖሊመሮች ጋር ያቀናጃል።

ችግሩ ረጃጅም ሰንሰለቶች እንደ ስኳርና ውኃ በቀላሉ አለመዋሃዳቸው ነው። እንደ ዘይትና ውኃ አንዱ በሌላው ውስጥ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው ትንሽ ሆኖ ከአካባቢው ጋር በደንብ ከተያያዘ የምት ኃይልን ስለሚያበርድ ቁሱ ቶሎ አይሰነጠቅም። ካልተያያዘ ግን የሁለቱ ድንበር ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ ከሁለቱም ጋር የሚጣበቅ አገናኝ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ይጨመራል።

መሻሻልና መበስበስ

የተሻሻለ ፕላስቲክ ሁሉ ይበሰብሳል ማለት አይደለም። ስታርች ከተራ ፖሊኤቲሊን ጋር ሲቀየጥ ተሕዋስያን ስታርቹን ብቻ ይበላሉ፤ ፖሊኤቲሊኑ ተበጣጥሶ በአፈር ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓው የማሸጊያ መስፈርት ኢኤን 13432 በዚህ ምክንያት የጭማሪዎችንም ጉዳይ ይመለከታል። ከ1 በመቶ ያነሰ መጠን ያላቸው ክፍሎች ለየብቻ የመበስበስ ማስረጃ ባይጠየቅባቸውም፣ በድምሩ ከ5 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። ቁሱ በ6 ወር ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶ መበስበሱም በሙከራ መረጋገጥ አለበት።

ይህ ሙከራ የሚለካው በኢንዱስትሪ የኮምፖስት ማዘጋጃ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ነው። ፖሊላክቲክ አሲድ በፍጥነት የሚፈርሰው በዚያ ባለው 58 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና እርጥበት ሲሆን፣ በቀዝቃዛ አፈር ወይም በባሕር ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይፈርስ ይቆያል። ማለስለሻውና ቅይጡ የሚመረጡትም ዕቃው ከሚሰጠው አገልግሎት ባሻገር ከተጣለ በኋላ የሚደርስበት ቦታ ታይቶ ነው።