ጥሬ ነው ወይስ ብስል? በታይላንድ ገበያ ስለሚሸጡ እንግዳ ፍሬዎችና አትክልቶች

ዛሬ ገበያ እንወጣለን። ገበያው ግን የእኛ የቅዳሜ ገበያ አይደለም፤ ሩቅ ነው። በእስያ ክፍለ ዓለም ታይላንድ የምትባል አገር አለች። ዋና ከተማዋ ባንኮክ ይባላል። ለንግድና ለሕክምና ወደዚያ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ታዲያ እንግዳ ሰው በዚያ አገር ገበያ ሲቆም ከፊቱ ከተከመሩት ፍሬዎች ብዙዎቹን አያውቃቸውም።

ባያውቅስ ምን ይጎዳል? ትሉ ይሆናል። ይጎዳል እንጂ! ከነዚህ ፍሬዎች አንዳንዱ ያለ አበላሉ ከተበላ ያሳምማል፤ የሚገድልም አለበት። ሌላው ደግሞ መልኩ ያስፈራል እንጂ ሕፃን ቢበላው ምንም አይሆንም። መልክ ብቻ አይቶ መፍረድ በሁለቱም በኩል ያሳስታል።

ታይላንድ ሙቀት የማይለያት፣ ዝናብም የሚበዛባት አገር ናት። ስለዚህ ፍሬ ሞልቷል። ገበያውም ብዙ ዓይነት ነው። ዳምኖን ሳዱዋክ በሚባል ስፍራ ሴቶች ፍሬውን በጀልባ ጭነው በቦይ ውኃ ላይ ይሸጣሉ። ሜክሎንግ በሚባለው ስፍራ ደግሞ ገበያው የተዘረጋው በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ባቡሩ ሲመጣ ነጋዴዎቹ ዳሱን ሰብስበው ዕቃቸውን ሸሸት ያደርጋሉ። ባቡሩ ሲያልፍ መልሰው ይዘረጋሉ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ እውነት ነው።

እዚያ የቆመ እንግዳ በአገሩ የተማረ ዶክተር ቢሆን እንኳ ጽሑፉን ማንበብ አይችልም። የታይላንድ ፊደል 44 ተነባቢዎች አሉት። ቃሉም ከቃል ሳይለይ ተያይዞ ነው የሚጻፈው። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ በ1፣ 2፣ 3 ነው የሚጻፍ። እንግዲህ እናንተ ቁጥር የለያችሁ ሰዎች እዚያ ገበያ ብትቆሙ ዋጋውን ታነባላችሁ ማለት ነው። 40 የሚል ከሆነ 40 ባት ነው። ባት የገንዘባቸው ስም ነው።

ሁሉም ነገር እንግዳ ነው ማለታችን አይደለም። ሙዝ አለ፣ ማንጎ አለ፣ ዘይቱን አለ፣ ጊሽጣ አለ፣ ፓፓያ አለ። አንዳንዱ ሰው ሮቃ የሚለው፣ ሌላው ሁመር የሚለው ፍሬም አለ። ፔቻቡን በሚባለው ክፍለ ሀገር የሚበቅለው ሮቃ ጣፋጭ ነው፤ ቅርፊቱን ሰብረው እንደ ከረሜላ ይበሉታል።

የሚደንቀው አበላላቸው ነው። ፓፓያን እኛ ቢጫ ሆኖ ሲበስል ነው የምንበላው። እነሱ አረንጓዴውንም ይበላሉ። ይልጡትና እንደ ክር አድርገው ይከትፉታል። ከዚያ በሙቀጫ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከዓሣ ከሚወጣ ጨዋማ ፈሳሽ ጋር ወቀጥ ወቀጥ ያደርጉታል። ሶም ታም ይባላል። በሰሜን ምሥራቅ ያለው ገበሬ ከሩዝ ጋር ይበላዋል። አረንጓዴ ማንጎም እንዲሁ በጨውና በበርበሬ ይበላል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ነጭ ወተት የሚያወጣውን ጥሬ ፓፓያ ባትበላ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሁለት የታይላንድ ቃላት እንያዝ። ዲፕ እና ሱክ። ዲፕ ማለት ጥሬ ነው። ሱክ ማለት ብስል ነው። ልብ በሉ! በእኛ ቋንቋ ማንጎው ከዛፍ ላይ ሲደርስ «በሰለ» እንላለን። ወጡም በእሳት ላይ ሲደርስ «በሰለ» እንላለን። ጥሬ ማለትም ያልደረሰ ፍሬም ነው፣ እሳት ያልነካው እህልም ነው። የታይላንድ ሰዎች ቋንቋም ልክ እንደዚሁ ነው። ሱክ ለፍሬውም ለድስቱም ይሆናል። ስለዚህ እኛ እዚያ አገር ገበያ ብንቆም የምንጠይቀውን ጥያቄ ከቤታችን ይዘነው ነው የምንሄደው። ሻጯ በጣቷ እያሳየች «ዲፕ» ወይም «ሱክ» ካለች ግማሹ ነገር ታወቀ።

አሁን ወደ ፍሬዎቹ እንግባ። ትልቁ ዱሪያን ነው። የፍሬዎች ንጉሥ ይሉታል። ስሙ ከማላይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ዱሪ ማለት እሾህ ማለት ነው። በእውነትም ፍሬው የሰው ጭንቅላት ያህላል፤ ዙሪያውን በሾለ እሾህ ተሸፍኗል። በባዶ እጅ አይያዝም። ሻጩ ጓንት አጥልቆ በቢላዋ ስፌቱን ተከትሎ ይከፍተዋል። ውስጡ ጓዳ ጓዳ ነው። በየጓዳው ቢጫ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ገላ ተጋድሞ ይገኛል። የሚበላው እሱ ነው።

ሽታው ግን ጉድ ነው። አንዳንዱ ሰው ከበሰበሰ ሽንኩርት ጋር ያመሳስለዋል። በብዙ ሆቴሎች በር ላይ የዱሪያን ሥዕል በቀይ መስመር ተሰርዞ ይለጠፋል። «ይዛችሁ አትግቡ» ማለት ነው። ሽታውን ታግሦ የቀመሰ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይደግመዋል። መብሰሉን የሚለዩት በጆሮ ነው። ባለሙያው ሻጭ በትንሽ ዱላ መታ መታ ያደርገዋል። ጥሬው እንደ እንጨት ደረቅ ድምፅ አለው። የበሰለው ገላው ከቅርፊቱ ስለሚላቀቅ ባዶ ቅል እንደ መምታት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በምሥራቅ በኩል ያለው የቻንታቡሪ ክፍለ ሀገር በዱሪያን የታወቀ ነው። ሞንቶንግ የሚባል ዓይነት አለ፤ ትርጉሙ የወርቅ ትራስ ነው። ዱሪያን ስኳርና ስብ የበዛበት ስለሆነ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሊጠነቀቀው ይገባል። ከአረቄ ጋር እንዳይበላም የአገሩ ሰው አጥብቆ ያስጠነቅቃል።

ዱሪያንን ከካኑን ጋር የሚያምታቱ አሉ። ካኑን የበለጠ ትልቅ ነው፤ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ይገኛል። እሾህ የለውም፤ ቆዳው በደነዘዘ ጉጥ የተሞላ ነው። ሲቆረጥ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ወተት ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እጅንና ቢላዋን ዘይት መቀባት ነው።

ማንግኩት የሚባለው ደግሞ ትንሽ ብርቱካን ያህላል። ቅርፊቱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ ነው። ይኸን ፍሬ የወደድነው ስለማይዋሽ ነው። ከታች በኩል፣ እምብርቱ ላይ፣ አበባ የመሰለ ምልክት አለው። የአበባውን ቅጠሎች ቁጠሩ። 6 ከሆኑ ውስጡ ያለው ነጭ ፍሬ 6 ክፍል ነው። 7 ከሆኑ 7 ነው። ፍሬው ሳይከፈት ይቆጠራል! በጣት ጫን ሲሉት ትንሽ እሺ የሚል ከሆነ ደህና ነው። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ቆይቷል፤ ይለፍ። የቅርፊቱ ቀለም ልብስ ላይ ከነካ በቀላሉ አይለቅም። ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት ራቅ ብላ ትብላ።

ራምቡታን የሚባለው ፍሬ ቀይና ፀጉራም ነው። ስሙም በማላይ ቋንቋ ፀጉር ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የታይላንድ ሰዎች ንጎ ይሉታል። ሲያዩት አንዳች አውሬ ይመስላል። ፀጉሩ ግን ለስላሳ ነው፤ አይወጋም። ቅርፊቱን በጥፍር ወይም በቢላዋ ዙሪያውን ጫር አድርጎ መክፈት ነው። ነጩን ገላ በልቶ ፍሬውን መጣል። ከሁሉ የተወደደው ዓይነት ንጎ ሮንግሪያን ይባላል። ሮንግሪያን ማለት ትምህርት ቤት ማለት ነው! ስሙን ያገኘው በደቡብ፣ በሱራት ታኒ ክፍለ ሀገር፣ ዛፉ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ስለበቀለ ነው። በትምህርት ቤት ስም የተጠራ ሌላ ፍሬ እኛ አናውቅም።

የዘንዶ ፍሬ የሚሉት አለ። ቆዳው ሮዝ ሆኖ አረንጓዴ ቅርፊት ወጣ ወጣ ያለበት ነው። መልኩ ቢያስፈራም የበለስ ዘመድ ነው። በትግራይና በሌላውም ደረቅ አገር ያላችሁ በለስን ታውቁታላችሁ፤ ይኸኛው ግን ያን ደቃቅ እሾህ የለውም። ለሁለት ከፍሎ በማንኪያ መብላት ነው። ውስጡ ቀይ የሆነውን የበላ ሰው በማግሥቱ ሽንቱ ቀይ ቢሆን ደም ነው ብሎ አይደንግጥ። የፍሬው ቀለም ነው።

ወደ አትክልቱ ስንመጣ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ገበሬ አይቶ ወደ ኋላ የሚልበት ነገር አለ። ክብ፣ አረንጓዴና ነጭ የተዥጎረጎረ፣ የዶሮ እንቁላል የማያህል ነገር በቁና ተከምሮ ይሸጣል። እምቧይ ነው ትላላችሁ! አይደለም። ደበርጃን የሚባለው አትክልት ትንሹ ዓይነት ነው። ማክዋ ይሉታል። ጥሬውን በሚያቃጥል አዋዜ እያጠቀሱ ይበሉታል፤ በወጥም ይከቱታል። እምቧይና ማክዋ ዘመዳሞች ስለሆኑ መመሳሰላቸው እውነት ነው። ነገር ግን የእኛ እምቧይ መርዝ አለው። ይኸን ጽሑፍ አንብቦ ከአጥር ሥር እምቧይ የሚለቅም ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን!

የሙዝ አበባም ይበላል። ቀዩን የውጭ ልባስ ይጥሉና የውስጡን ነጭ ይከትፋሉ። እንዳይጠቁር ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ይነክሩታል። እንሰት የሙዝ ዘመድ ስለሆነ የጉራጌና የሲዳማ እናቶች ይኸን ቢያዩ ብዙም የሚገርማቸው አይመስለንም። የሽፈራው ዘመድም አለ፤ ማሩም ይባላል። ኮንሶ ውስጥ የሽፈራው ቅጠል ነው የሚበላው። እዚያ ረጅሙን ለጋ ፍሬ ልጠው በሚኮመጥጥ ሾርባ ይቀቅሉታል።

አሁን አደገኞቹን እንናገር። ማፉዋንግ የሚባል ቢጫ ፍሬ አለ። ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ኮከብ ይመስላል። ጤነኛ ሰው ቢበላው ደህና ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን በፍጹም መብላት የለበትም። ፍሬው ውስጥ ያለውን መርዝ ጤነኛ ኩላሊት አጣርቶ ያስወጣዋል፤ የታመመው አይችልም። መጀመሪያ የማያቋርጥ ስቅታ ይይዘዋል። ከዚያ አእምሮው ይታወካል፤ ሊሞትም ይችላል። ለሕክምና ባንኮክ የሚሄድ የኩላሊት በሽተኛ ይኸን ሳያውቅ ገበያ ባይወጣ ይሻላል።

ሊቺም ነጭ ገላ ያለው ጣፋጭ ፍሬ ነው። በታይላንድም በሕንድም ይበቅላል። ሙዛፋርፑር በሚባለው የሕንድ አካባቢ በ2006 ዓ.ም. ከግንቦት እስከ ሐምሌ 390 ልጆች ራሳቸውን እየሳቱ ሆስፒታል ገቡ። 122ቱ ሞቱ። ሐኪሞች ሲመረምሩ ብዙዎቹ ሊቺ በልተው ራት ሳይበሉ ያደሩ ልጆች ሆነው ተገኙ። ሊቺ፣ በተለይ ጥሬው፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያወርድ ነገር አለው። ራት የበላ ልጅ ይቋቋመዋል፤ የተራበ ልጅ አይቋቋመውም።

ጎደሬና ካሳቫን በወላይታና በጋሞ ያላችሁ አንባብያን ከእኛ ይልቅ ታውቋቸዋላችሁ። በታይላንድም ሁለቱም ይሸጣሉ። ጥሬ ጎደሬ ምላስንና ጉሮሮን ያሳክካል። ካሳቫ ደግሞ መርዝ ስላለው ተልጦ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በደንብ ተቀቅሎ፣ ውኃው ተደፍቶ ነው የሚበላው።

በመጨረሻ ቀርከሃ። ቀርከሃም ይበላል እንዴ? አዎ፣ ከመሬት ብቅ ሲል ያለው ለጋው ይበላል። በእኛም አገር በቤኒሻንጉል በክረምት የሚበሉት አሉ። በታይላንድ ኖ ማይ ይባላል። ጥሬው መርዝ ስላለው ተልጦ ይቀቀላል፤ ውኃው ይደፋል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የመጣው ከማስቀመጡ ነው።

በመጋቢት 1998 ዓ.ም. በሰሜን ታይላንድ፣ ናን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ የአንድ አካባቢ ሰዎች በቤት ውስጥ በቆርቆሮ ታሽጎ የቆየ ለጋ ቀርከሃ በሉ። ሆዳቸውን አመማቸው፤ አስመለሳቸው። ቀጥሎ አፋቸው ደረቀ። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ታያቸው። የዓይናቸው ቆብ ወደቀ፤ መዋጥ አቃታቸው። 209 ሰዎች ታመሙ። ከነሱም 42ቱ በራሳቸው መተንፈስ ስላልቻሉ በመሣሪያ ተነፈሱ። መድኃኒቱ በአገሩ አልነበረም፤ ከውጭ አገር በአውሮፕላን መጣ።

ምክንያቱ ይኸ ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ጀርም አለ። ዘሩ በተራ መፍላት አይሞትም። አየር በሌለበት በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ ይፈላና መርዙን ይተፋል። መርዙ በዓይን አይታይም፤ ሁልጊዜም አይሸትም። መርዙን የሚያጠፋው እሳት ነው። ስለዚህ በቤት የታሸገ ቀርከሃም ሆነ ሌላ አትክልት ከዕቃው ወጥቶ፣ ከመበላቱ በፊት፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። ያበጠ ቆርቆሮ፣ ሲከፈት ፊሽ የሚል ቆርቆሮ አይገዛም። የተገዛም ከሆነ ይቀበራል እንጂ ለውሻም አይሰጥም።