የጥልፍ ዓርማ ሲታዘዝ ክሩ መደቡን ምን ያህል ይሸፍን?

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች እየበዙ ከሄዱ ወዲህ፣ ለዘበኞችና ለሠራተኞች ልብስ የጥልፍ ዓርማ ማሠራት የዘወትር የንግድ ጉዳይ ሆኗል። አንዳንዱ ዓርማውን በአገር ውስጥ ከሚገኙት የጥልፍ ቤቶች ያሠራል፤ አንዳንዱም ከውጭ አገር ያስመጣል። ከሁለቱ በየትኛውም ቢሆን አዛዡ ዋጋ በጠየቀ ጊዜ በቅድሚያ የሚቀርብለት ጥያቄ፣ ክሩ የሚሸፍነው 50 በመቶ፣ 75 በመቶ ወይስ 100 በመቶ ይሁን የሚል ነው። ቍጥሩን እንደ ጥራት ደረጃ የሚቈጥር ሰው ያለ ማመንታት 100 ብሎ ያዝዛል። ነገር ግን ቍጥሩ የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ከፍተኛውን ዋጋ ከፍሎ ስሙ የማይነበብ ዓርማ መረከብም አለ።

ዓርማው የሚሠራበት መደብ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ካኪ ሰያፍ አሠራር ያለው ጠንካራ ጨርቅ ነው። 50 በመቶ ሲባል ከዓርማው ፊት ግማሽ ያህሉ በክር ተሸፍኖ የቀረው ጨርቅ እንደ ቀለም ሆኖ ይታያል ማለት ነው። 75 በመቶ ሲባል የሚታየው ጨርቅ ወደ ሩብ ይወርዳል። 100 በመቶ የተባለው ግን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ክር ብቻ የሚታይበት፣ ጨርቁ ከሥር ተሸካሚ ሆኖ የሚቀርበት ነው።

እዚህ ላይ ከዋጋ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም በመቶኛው የሚታሰበው ከየትኛው ስፋት ነው የሚለው ነው። ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ዓርማ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ ወፍራም ክር ቢዘመዘም፣ ዝምዝሙ ብቻውን 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ይህም ከጠቅላላው 14 በመቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንዱ ሠሪ ዝምዝሙን ጨምሮ «50 በመቶ» ቢል፣ ለሥዕሉና ለፊደሉ የተረፈው 36 በመቶ ብቻ ነው። ሌላው ዝምዝሙን ሳይቈጥር «50 በመቶ» ቢል ብዙ ክር ይሰጣል። የሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ርካሹን መምረጥ ሁለት ልዩ ልዩ ዕቃዎችን ማወዳደር ይሆናል።

ዋጋው የሚወጣው ከክሩና ከመኪናው ሰዓት ነው። የመሙያ ስፌት ረድፎች በ0.4 ሚሊ ሜትር ርቀት ቢሰለፉና እያንዳንዱ ስፌት 4 ሚሊ ሜትር ቢረዝም፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 62 ያህል ስፌት ይገባል። ከላይ የተጠቀሰው ክብ ዓርማ ውስጡ በሙሉ ቢሞላ 2,700 ያህል ስፌት ይሆናል፤ ግማሹ ቢሞላ 1,350። መኪናው በደቂቃ 700 ስፌት የሚሰፋ ከሆነ፣ 1,000 ዓርማ በሙሉ ጥልፍ ለመሥራት አንድ የመኪና ራስ 64 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በግማሽ ጥልፍ ደግሞ 32 ሰዓት። ይህ ሥዕሉና ፊደሉ በላዩ የሚጨምሩትን፣ እንደዚሁም መሙያው እንዳይንሸራተት ከሥሩ የሚሰፋውን ሳይጨምር ነው። ባለ ብዙ ራስ መኪና ሰዓቱን ይከፋፍለዋል፤ ክሩን ግን አይቀንሰውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ዕቃ ዋጋ በመናሩ፣ ከውጭ በመጣ ክር የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት በቀላሉ አያልፈውም።

እንግዲህ ሙሉውን ጥልፍ መክፈል የሚገባው መቼ ነው? ዋናው ፈራጅ ፊደሉ ነው።

የአማርኛ ፊደል ከሌሎች ብዙ ጽሕፈቶች የሚለየው፣ አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ምልክት እጅግ ትንሽ መሆኑ ነው። «ሱሉልታ» የሚለውን ስም እንመልከት። የ«ሱ» እና የ«ሉ» ምልክት ከጎናቸው የምትወጣ አጭር ጭረት ናት፤ እርስዋ ከጠፋች ስሙ «ሰለልታ» ይሆናል። «ቡራዩ»ም እንዲሁ የሁለት ፊደሎቹ ጭረት ቢሰወር «በራየ» ተብሎ ይነበባል። የ«ገላን» «ላ» ከ«ለ» የሚለየው በአንድ እግሩ ማጠር ብቻ ነው። «ሰበታ» የሚለው ስም ከአራቱ ሁሉ ለጠላፊ የሚመች ነው፤ ሁለቱ የመጀመሪያ ፊደሎች ምንም ጭረት የላቸውምና።

በተለምዶ ለጥልፍ የሚውለው 40 ቍጥር ክር ሲሰፋ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ይይዛል። ስለዚህ ፊደሉ ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ጭረቱ የሁለት ክር ውፍረት እንኳ ላያገኝ ይችላል። በጨርቅ ላይ በቀጥታ ከተሰፋ ይህች ጭረት ጠፍጣፋ መሬት ስለምታገኝ ጎልታ ትታያለች። በሙሉ ጥልፍ ላይ ከተሰፋች ግን በታችኞቹ ክሮች መካከል ትሰምጣለች። ሠሪው ፊደሉን ለማውጣት ስፌቱን ቢያጠብቀው ደግሞ ዓርማው ይደድራል፣ መርፌም ይሰብራል። በዚህ ምክንያት ስምን በጨርቁ ላይ፣ ሥዕልን በሙላት ማስጠለፍ የተሻለ ነው፤ ፊደሉ በሙሉ ጥልፍ ላይ እንዲወጣ የግድ ከተፈለገም ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቁመት ቢሰጠው ይመረጣል።

ጉዳዩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክብደት ጨምሯል። በዚያ ዓመት ሸገር ከተማ ሲመሠረት፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ክፍለ ከተሞቹ ሆኑ። ቀድሞ «ገላን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይዞ ይሠራ የነበረ ዓርማ አድራሻውን በሙሉ ሲጽፍ «ሸገር ከተማ፣ ገላን ክፍለ ከተማ» ይላል። በዚህ ላይ ስሙ በኦሮምኛ በቁቤ ሲጨመር፣ አናባቢዎቹም ተነባቢዎቹም እየተደረቡ ስለሚጻፉ መስመሩ ይረዝማል። ዓርማው አሁንም 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጽሑፉ ግን በብዙ እጥፍ ጨምሯል። እንዲህ ላለው ሥራ የሚስማማው መካከለኛው ነው፤ ይኸውም የመካከሉን ጋሻ ወይም ሥዕል በክር ሞልቶ፣ ጽሑፉ የሚዞርበትን ቀለበት በባዶ ጨርቅ መተው ነው። ለአሮጌው ዓርማ የተሰላው የጥልፍ ፕላን ለአዲሱ ጽሑፍ እንዲያገለግል መጠየቅ ገንዘብ የሚያስቀር መስሎ ይታያል፤ ውጤቱ ግን ፊደላቱ የተጨፈለቁበት ዓርማ ነው።

መደቡን ባዶ መተው ስስት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ለሠርግና ለማዕረግ የሚለበሰውን ካባ ያስታውስ። በወርቅ ዘቦ የተጠለፈ ጥቁር ካባ ላይ ከፋዩ ሙሉውን እንዲሸፈንለት አይጠይቅም፤ ወርቁን ወርቅ የሚያሰኘው በመካከሉ የተተወው ጥቁር ከፋይ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ሙሉ ጥልፍ የራሱ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ሥዕሉ ብዙ ቀለማት ያሉት ሲሆን፣ ጽሑፉ አንድ ሁለት ትልልቅ ፊደል ብቻ ሲሆን፣ ወይም የድርጅቱ ቀለም በጨርቅ ገበያ የማይገኝ ሲሆን ሙሉው ይመረጣል። የክር ቀለም ምርጫው ከጨርቅ ቀለም ይልቅ ሰፊ ነውና። ከዚህም በላይ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ለሚውል ዘበኛ፣ የተጋለጠ መደብ ጨርቅ ከክሩ ቀድሞ ሊነጣ ስለሚችል፣ መሸፈኑ ቀለሙን አንድ ወጥ ያደርጋል።

ልብሱም ራሱ የሚፈርደው አለ። ወፍራም የሥራ ቱታና የዘበኛ ካፖርት ሙሉውን ጥልፍ ይሸከማል። ስስ ሸሚዝ ወይም የሯጮች ልምምድ በታወቀባት በሱሉልታ የሚለበሰው ቀላል የስፖርት ማልያ ግን አይችለውም፤ ዓርማው እንደ ካርቶን ይቆምና ዙሪያው ይሸበሸባል። በብረታ ብረት ሥራ ላሉ ሠራተኞችም ረዣዥም ልስልስ ስፌቶች በመሣሪያ እየተያዙ እንዲመዘዙ ስለሚጋለጡ፣ ስፌቱ አጠር እንዲል ማስታወቅ ይገባል።

እጥበቱ ከሽፋኑ ባላነሰ ይታሰብ። ራዮን ክር ደማቅ አንጸባራቂ ቢሆንም ሲረጥብ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ በረኪናም ያበላሸዋል። ፖሊስተር በረኪናን የተሻለ ይቋቋማል። ልብሱ በረኪና በሚገባበት ሁኔታ የሚታጠብ የምግብ ወይም የመጠጥ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ 100 በመቶ በራዮን ከሚሠራለት 50 በመቶ በፖሊስተር ቢሠራለት ይጠቀማል።

በማዘዣው ደብዳቤ ላይ እንግዲህ «ጥራት ያለው ዓርማ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ስፋቱ በሴንቲ ሜትር፣ ሽፋኑ በመቶኛ፣ ይህም ዝምዝሙን ጨምሮ ወይም ሳይጨምር መሆኑ፣ የክሩ ዐይነት፣ የትንሹ ፊደል ቁመት፣ ከኋላው በመርፌ የሚሰፋ፣ በካውያ የሚጣበቅ ወይም ቬልክሮ ያለው መሆኑ ይጻፍ። ብዛቱ ከመሠራቱ በፊት አንድ ናሙና ይቅረብ። ናሙናውንም በልብሱ ላይ ሰፍቶ ሦስት አራት ጊዜ ማጠብ፣ ከዚያም ሥራውን የማያውቅ ሰው ከሁለት ሜትር ርቀት ስሙን እንዲያነብ ማድረግ ነው። ያ ሰው «ሰለልታ» ብሎ ካነበበ ናሙናው ይመለስ።

ከውጭ ለሚያስመጣው ነጋዴ አንድ ነገር ይቀራል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃዎች አመዳደብ ጥልፍ የሚገኘው በ58.10 አንቀጽ ሲሆን፣ ሳይጠለፍ በሽመና ብቻ የተሠራ መለያ ምልክት ደግሞ በ58.07 ነው። በ58.10 ሥር የመጀመሪያው ንኡስ አንቀጽ፣ 5810.10፣ «መደቡ የማይታይ ጥልፍ» የሚል ነው። 100 በመቶ የተሸፈነ ዓርማ ያስመጣ ሰው ይህን ንባብ አይቶ ዕቃው የዚያ ነው ብሎ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። ንኡስ አንቀጹ የሚናገረው መደብ ጨርቁ በኬሚካል ወይም በመቍረጥ ተወግዶ ጥልፉ ብቻ ስለ ቀረበት ሥራ ነው፤ በክር የተሸፈነው ዓርማ ግን ጨርቁ ከሥሩ አለ። ስለዚህ ናሙናውንና የጨርቁን ዐይነት የሚገልጸውን ወረቀት ለጉምሩክ አስተላላፊው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ማሳየት፣ ደረሰኙም ላይ ዓርማው የተጠለፈ መሆኑንና መደቡ ከጥጥ ወይም ከሰው ሠራሽ ጭረት መሠራቱን ማስጻፍ ይገባል።