የሽንኩርት አበባ በመስኮት አጠገብ

በቆቦና በዋጃ ሜዳ ቀይ ሽንኩርት በመስኖ ይመረታል፤ ነገር ግን አበባውን ያየ ጥቂት ነው። ምክንያቱም ሽንኩርት በመጀመሪያው ወቅት ራስ፣ በሁለተኛው አበባና ዘር ይሰጣል፤ እኛም ሳያብብ እንበላዋለን። አባቴ ዘሩን ከገበያ ይገዛል። የሽንኩርት ዘር ግን ቶሎ ይደክማልና፣ ያረጀውን የገዛ ገበሬ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ስለዚህ በኅዳር ጠንካራ ራስ መርጬ፣ ሥሩ በተበሳ ጣሳ አፈር ውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጌ ተከልሁ። ቀን በመስኮት አጠገብ ብርሃን ያገኛል፤ አበባውን የሚቀሰቅሰው ለሳምንታት የሚቆይ ብርድ ስለ ሆነ ማታ ደጅ ያድራል። ውኃ ከበዛበት ይበሰብሳል። ነጩ አበባ ሲፈነዳ ንብ እንዲያገኘው ወደ ውጭ ይውጣ፤ አለዚያ ዘር በደንብ አይዝም።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ እናንተም ሞክሩት። በእጃችን የለቀምነውን ጥቁር ዘር ዕድሜውን እናውቀዋለን።