«ሞተሩ ይቀየር» ሲባል፦ ማደስ፣ መተካትና መለወጥ በጋራዥ አማርኛ

1. መነሻ

የሙያ ቃላትን የሚያጠና ሰው ከመዝገብ ይልቅ ከስሕተት ብዙ ይማራል። የዚህ ጽሑፍ መነሻም የጸሐፊው የራሱ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለአሮጌ ላንድሮቨሩ የጥገና ገንዘብ ለማግኘት ከአንድ የውጭ አገር ረጂ ድርጅት ጋር ይጻጻፍ ነበር። ደብዳቤዎቹን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነበርሁ። ረጂው የፈቀደው ሞተሩ ተፈትቶ፣ ያረጁት ክፍሎቹ ተነሥተው እንዲታደስ ነበር። እኔ ግን በየጋራዡ ሲነገር የምሰማውን ቃል ተከትዬ «ሞተሩ ይቀየራል» ብዬ ጻፍሁ። ማኅበሩም በጽሑፉ መሠረት ከሌላ መኪና የወረደ ሞተር ገዝቶ አስገጠመ። ሒሳቡ ሲቀርብ ረጂው ያልፈቀደው ሥራ መሆኑን ገልጾ ሳይከፍል ቀረ። ዕዳው ከአባላቱ መዋጮ ተከፈለ፤ እኔም አንድ ግስ ስንት ብር እንደሚያወጣ ተማርሁ።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ አሳሳቢ ሆኗል። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አሮጌ መኪናን ጠግኖ ማቆየት ለብዙ ባለንብረት የኑሮ ጉዳይ ነው። ውሎች፣ የዋጋ ማቅረቢያዎችና የጥገና መመሪያዎች በአማርኛ ይጻፋሉ፤ ወደ አማርኛም ይተረጐማሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሞተርና የካምቢዮ ለውጥን የሚመለከቱ ጥቂት ቃላትን እንመረምራለን፤ በመጨረሻም የስያሜ ሐሳብ እናቀርባለን።

2. ሦስት ሥራዎች፣ አንድ ቃል

ያረጀ ሞተር ጋራዥ ሲገባ ከሦስት ዕድሎች አንዱ ይጠብቀዋል። አንደኛ፣ ሞተሩ ወርዶ ይፈታል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ቶርኖ ቤት ተልጎ መጠኑ ከፍ ያለ ፒስተን ይገባበታል፤ ኩሽኔታዎቹ ይነሣሉ፤ ቴስታታው ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ያው ሞተር ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ አሮጌው ሞተር ይቀርና ዓይነቱና ይዘቱ አንድ የሆነ ሌላ ሞተር በቀድሞዎቹ ብሎኖች ይታሰራል። ሦስተኛ፣ ለዚያ መኪና ያልተሠራ፣ ምናልባትም ነዳጁ እንኳ የተለየ ሞተር ተፈልጎ፣ መኪናውና ሞተሩ እርስ በርስ እንዲስማሙ ይደረጋል።

ለሦስቱም በንግግር «ሞተሩ ተቀየረ» ማለት የተለመደ ነው። መካኒኩና ደንበኛው ከመኪናው አጠገብ ቆመው ሲነጋገሩ ቃሉ አያጣላቸውም፤ ሞተሩ ከፊታቸው ነውና የጐደለውን ጣት ይሞላዋል። ጽሑፍ ግን ጣት የለውም።

እንግዲህ የትርጉም መለያ ከየት ይገኛል? መልሱ ከባለንብረቱ ኪስ አይርቅም። በሊብሬው ላይ ከሻንሲው ቁጥር ጋር የሞተሩ ቁጥር፣ የነዳጁ ዓይነትና የሞተሩ ይዘት ይመዘገባሉ። በመጀመሪያው ሥራ ከእነዚህ አንዱም አይነካም። በሁለተኛው የሞተሩ ቁጥር ብቻ ሌላ ይሆናል። በሦስተኛው ከቁጥሩ በተጨማሪ ይዘቱ፣ አንዳንዴም የነዳጁ ዓይነት ይለያል። ስለዚህ ተርጓሚው በእንግሊዝኛው ቃል ከመጨነቁ በፊት «ከዚህ ሥራ በኋላ ሊብሬው ላይ የሚታረመው የትኛው መስመር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚፈልገው ግስ ራሱ ይመጣለታል።

3. አራቱ ግሶች

አደሰ፦ ነገሩ ማንነቱን ሳይለቅ ኀይሉ ወይም መልኩ ሲመለስለት እንጠቀምበታለን፤ «ቤቱን አደሰ» ስንል ቤቱ ያው ቤት ነው። «መንጃ ፈቃድ አደሰ» ሲባል ወረቀቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሥራ ያለ ጥርጥር ይስማማል።

ተካ፦ ቦታው ጸንቶ በቦታው ያለው ሌላ ሲሆን ይነገራል። «ምትክ»ና «ተተኪ» የሚሉት ቃላት እንደሚያሳዩት፣ አዲሱ የአሮጌውን ሥራ በአሮጌው ወንበር ላይ ይፈጽማል። ለሁለተኛው ሥራ ከዚህ የተሻለ ግስ አይገኝም።

ለወጠ፦ ይህ ግስ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ዕቃን በዕቃ መስጠትና መቀበል ነው፤ በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ሰው ምስክር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የነገሩን ጠባይ ሌላ ማድረግ ነው፤ «መልኩን ለወጠ» እንደሚባለው። ሦስተኛው ሥራ ሁለቱንም ፊቶች ይፈልጋል፤ ሞተር በሞተር ይለወጣል፤ በዚህም የመኪናው ጠባይ ይለወጣል። ከዚሁ ሥር የወጣው «መለዋወጫ» ከሊቅ እስከ ሹፌር በሁሉ ዘንድ የተለመደ ቃል መሆኑም ሥሩ በዚህ ሙያ ውስጥ እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል።

ቀየረ፦ ሰፊና ጠቃሚ ቃል ነው፤ «ዘይት ቀየረ»፣ «ልብስ ቀየረ»፣ «ቤት ቀየረ» እንላለን። ነገር ግን አንድ ዓይነት በሆነና በተለያየ መካከል ያለውን ልዩነት አይገልጽም። ስፋቱ በንግግር ጸጋው፣ በውል ግን ጉድለቱ ነው።

4. አንድ ምሳሌ

«መለወጥ» ራሱን የቻለ ስያሜ የሚያሻው ለምን እንደ ሆነ በአንድ የታወቀ ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ሲሪስ 3 ላንድሮቨር በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ 2286 ሴ.ሜ. ኩብ ይዘት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ የቤንዚኑ ሞተር ኀይል 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። በጥቂት ገንዘብ አሮጌውን መኪና ማቆየት የሚሹ ሰዎች በልዩ ልዩ አገሮች ሲመርጡት የኖሩት ምትክ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዲስከቨሪ ጋር የወጣው 200 ቲዲአይ የተባለው ባለ ተርቦ የናፍጣ ሞተር ነው። ይዘቱ 2495 ሴ.ሜ. ኩብ፣ ኀይሉ በዲስከቨሪው ላይ 111 የፈረስ ጉልበት ነው። የተመረጠበት ዋና ምክንያት የዘር ሐረጉ ከአሮጌው ሞተር የሚመዘዝ በመሆኑ፣ ብዙ ማስተካከያ ሳያሻው ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር መጋጠሙ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ሥራውን «መተካት» ሊለው ይቃጣው ይሆናል። ዝርዝሩ ግን ሌላ ነው። በዲስከቨሪው ሞተር ላይ ተርቦው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ በሻንሲው በኩል ቦታ ያጣል፤ ሞተሩ የሚያርፍበት ብረት እንደገና መበየድ፣ የማርሚታው ቱቦ አቅጣጫም መቀየር አለበት። የቤንዚን መኪና ከነበረ፣ ትርፍ ናፍጣን ወደ ቋቱ የሚመልስ ቱቦ መዘርጋት ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው ምጥ የፍሬን ማገዣውን ሊያግዝ ይችላል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ይህን ስለማያደርግ አየር የሚመጥ ፓምፕ ይሻል። ፓምፑ ከሞተሩ ጋር ቢመጣም ቧንቧውን የሚቀጥለው ባለሙያው ነው። ሞተሩ ርካሽ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ የሚያልቀው በእነዚህ ጥቃቅን ሥራዎች ነው። ውሉ «ሞተር መተካት» ካለ ከእነዚህ አንዱም አልተጠቀሰም፤ «ሞተር መለወጥ» ካለ ግን ሁሉም እንደሚከተሉ ከስያሜው ይታወቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥርስ ምጣኔ ነው። የሲሪስ 3 ዲፈረንሻል ምጣኔ 4.7 ለ1 ነው፤ ይኸውም ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.7 ጊዜ ይዞራል። ምጣኔው ደካማ ሞተር ዳገት እንዲወጣ የታሰበ ነው። ብርቱው ሞተር በዚሁ ምጣኔ ሲነዳ ሜዳ ላይ ያለ ጥቅም ይጮኻል። ስለዚህ ብዙዎች ምጣኔው 3.54 ለ1 የሆነውን የሬንጅሮቨር ዲፈረንሻል ያስገባሉ፤ ሞተሩ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየዞረ መኪናው ወደ 33 ከመቶ ያህል ፈጥኖ ይሄዳል፤ በአንጻሩ የመጐተት ኀይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ተርጓሚው «ከፍተኛ»ና «ዝቅተኛ» በሚሉት ቅጽሎች እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዝቅተኛ የሚለው ምጣኔ በቁጥር ትልቅ የሆነውን ነው። ቁጥሩን ጽፎ «ለዳገት» ወይም «ለሜዳ» ማለት ከማናቸውም ቅጽል ይሻላል።

5. ስለ ካምቢዮ

የጋራዥ አማርኛ ከጣሊያንኛ ብዙ ወርሷል፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ካምቢዮ በጣሊያንኛ «ለውጥ፣ ልውውጥ» ማለት ነው። ስለዚህ «ካምቢዮ ተለወጠ» ስንል፣ ሥሩን ለሚያውቅ፣ «ለውጥ ተለወጠ» ማለታችን ነው። ይህ ፈገግ ቢያሰኝም ችግር አይደለም። ችግሩ ቃሉ አንዳንዴ ሳጥኑን፣ አንዳንዴ ደግሞ ሹፌሩ የሚጨብጠውን ዘንግ ማመልከቱ ነው።

በላንድሮቨር ነገሩ ይብሳል። ከዋናው ሳጥን ጀርባ ኀይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል ሌላ ሳጥን ተያይዟል። ሹፌሩም ከዋናው ዘንግ ሌላ ሁለት መያዣዎች አሉት፤ ቀዩ ለከባድና ለቀላል ጉዞ ምጣኔውን ይመርጣል፤ ቢጫው የፊት ጎማዎችን ያያይዛል። «ካምቢዮው ይቀየር» የሚል ትእዛዝ የደረሰው ዕቃ ገዢ አንዱን ሳጥን ይግዛ ወይስ ሁለቱን? «ትራንስሚሽን» ብሎ መጻፍም አያድነውም። ቃሉ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ሳጥኑን ሲያመለክት፣ በሌላ አገባብ ከፍሪሲዮን እስከ ጎማ ያለውን ኀይል አስተላላፊ ክፍል በሙሉ ሊያመለክት ይችላል።

«የማርሽ ሳጥን» የሚለው ስያሜ ግልጽ ነው። ሆኖም ካምቢዮን የምንተወው ባዕድ ነው ብለን ከሆነ፣ ማርሽም ያው ባዕድ ነውና ያተረፍነው ግማሽ ትርጉም ብቻ ነው። ይልቅስ ጋራዡ ራሱ በሠራው መንገድ እንሂድ። ባለሙያዎቻችን የፍሪሲዮኑን መዳፈኛ «ሸራ» ሲሉ፣ የኩሽኔታውን ማቀፊያ «ቤት» ሲሉ ማንም አላዘዛቸውም። ሞተሩ በሰንሰለት ወደ ላይ ተስቦ ሲወጣ እንኳ «ወረደ» ይላሉ፤ ጭነት ከበቅሎ ጀርባ እንደሚወርድ መሆኑ ነው። ይህን የመሰለ የቃላት አፈጣጠር ያለው ቋንቋ የሚያስፈልገው ምትክ አይደለም፤ መታደስ ነው።

6. የቀረበው የስያሜ ሐሳብ

ሞተር ማደስ፦ ሞተሩን ፈትቶ፣ ያረጁ ክፍሎቹን ተክቶ፣ ያንኑ ሞተር መልሶ መግጠም፤ የሞተሩ ቁጥር አይነካም።

ሞተር መተካት፦ ዓይነቱና ይዘቱ አንድ የሆነ ሌላ ሞተር መግጠም፤ ቁጥሩ ብቻ ይለያል።

ሞተር መለወጥ፦ ዓይነቱ፣ ይዘቱ ወይም ነዳጁ የተለየ ሞተር መግጠም።

ማጣጣም፦ ለመለወጥ የሚያስፈልገው የብየዳ፣ የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክና የምጣኔ ሥራ ሁሉ፤ በውል ውስጥ ዋጋው ለብቻው ይጻፍ።

ዋና ካምቢዮ፦ ማርሾች የሚገኙበት ሳጥን።

አከፋፋይ ካምቢዮ፦ ኀይልን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን።

የካምቢዮ ዘንግ፦ ሹፌሩ የሚጨብጠው፤ ካምቢዮ ብቻ ተብሎ አይጻፍ።

የፍሪሲዮን ቤት፦ ሞተሩንና ዋናውን ካምቢዮ የሚያገናኘው፣ ፍሪሲዮኑን ያቀፈው ክፍል።

«መቀየር» ለንግግር ይቆይ፤ በውልና በመመሪያ ግን ከሦስቱ ግሶች አንዱ ይመረጥ። እነዚህ ስያሜዎች በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የተዘጋጁ በመሆናቸው እጃቸው ዘይት ከነካ ባለሙያዎች ጋር ሳይመከርባቸው መጽደቅ የለባቸውም። አንባብያን በየአካባቢያቸው ጋራዥ የሚሰሟቸውን አቻ ቃላት፣ በተለይም ለአከፋፋይ ካምቢዮና ለፍሪሲዮን ቤት የሚነገሩትን፣ ከነአገባባቸው ጽፈው ቢልኩልን ለቀጣዩ ጥናት ይረዱናል።