ስለ ቼልሲ የአበባ ትርኢትና ስለ ችግኝ ማፍያ

በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ፣ ቼልሲ በተባለው ሰፈር፣ በየዓመቱ በግንቦት ወር ታላቅ የአበባና የአታክልት ትርኢት ይደረጋል። ስፍራው ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በ1682 ዓ.ም (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ለአረጁና ለቈሰሉ ወታደሮች መጦሪያ ያቆመው ቤት ግቢ ነው፤ ዛሬም ሽማግሌዎቹ ቀይ ካፖርታቸውን ለብሰው በአበባው መካከል ሲመላለሱ ይታያሉ። አዘጋጁ በ1804 ዓ.ም የተመሠረተው ንጉሣዊ የአታክልት ማኅበር ሲሆን፣ በዚህ ግቢ ማሳየት የጀመረው በ1913 ዓ.ም ነው። በ1917ና በ1918፣ ኋላም ከ1940 እስከ 1946 ዓ.ም ድረስ በጦርነት ምክንያት ተቋርጦ ነበር።

ክቡራን የአውራጃና የወረዳ ሹማምንት፣ ሰፊ ግቢና እርሻ ያላችሁም ሁሉ፣ ይህን የምናቀርብላችሁ ትርኢቱ ያማረ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ውበቱ ከምን እንደሚመጣ መርምሮ ማወቅ ስለሚጠቅም ነው።

ጎብኚው ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው ከቤት ውጭ የተሠሩትን አታክልቶች ነው። የድንጋይ ካብ፣ የሚፈስ ውሃ፣ ያረጀ ዛፍ፣ በካቡ ስንጥቅ የበቀለ ሽበት የመሰለ ሣር፤ ሁሉም ከአያት የተወረሰ ግቢ ይመስላል። ነገር ግን ከሦስት ሳምንት ያህል በፊት በዚያ ላይ ባዶ መስክ እንጂ ሌላ አልነበረም፤ አምስቱ የትርኢት ቀኖች ሲያልፉም ይፈርሳል። በቅርብ ዓመታት ማኅበሩ እያንዳንዱ አታክልት ከትርኢቱ በኋላ የሚተከልበት ስፍራ እንዲኖረው ስለሚሻ፣ ብዙዎቹ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሐኪም ቤት ግቢ ይዛወራሉ።

ከዚያ ቀጥሎ በታላቁ ድንኳን ውስጥ አትክልተኞቹ ያፈሩትን ያሳያሉ። በዚህ የሚያስደንቀው የጊዜው ነገር ነው። በመጋቢት የሚያብበው ዳፎዲልና በሰኔ የሚፈነዳው ጽጌ ረዳ በአንድ ሳምንት ጐን ለጐን አብበው ይገኛሉ። ቀዳሚውን በብርድ ክፍል አቆይተው ያዘገዩታል፤ ኋለኛውን በሞቀ የመስተዋት ቤት አኑረው ያፈጥኑታል። ደግሞም ከሚያስፈልጋቸው ይልቅ እጅግ አብልጠው ያበቅላሉ፤ በመጨረሻዪቱ ሌሊት ከብዙው መካከል ነቀፋ የሌለበትን ብቻ መርጠው ያቀርባሉ። የአምስቱ ቀን አበባ የዓመት ሙሉ ሥራ ነው ማለት ይህ ነው።

ስለ ዳኝነቱም ጥቂት ማለት ይገባል። ሜዳዩ አራት ዓይነት ነው፤ ወርቅ፣ በወርቅ የተለበጠ ብር፣ ብርና ነሐስ። ዳኞቹ አንዱን ከሌላው ጋራ አያወዳድሩም፤ የሚመዝኑት በተወሰነ ደንብ ነው። አታክልቱን የሚሠራው ሰው ምን ሊሠራ እንዳሰበና ለማን እንደሚሠራው አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ዳኞቹም ያለውን ፈጽሞት እንደሆነ ያያሉ። የበቁ ብዙዎች ቢሆኑ ብዙዎች ወርቅ ያገኛሉ፤ የበቃ ባይኖር ወርቅ አይሰጥም። ከሁሉ የበለጠው የሚመረጥበት ሽልማት ለብቻው ነው። በወረዳ የሰብልና የአታክልት ትርኢት ለማድረግ የሚያስብ ሹም ሁሉ ከዚህ ደንብ ቢጀምር መልካም ይመስለናል፤ ያሸነፈው በምን እንዳሸነፈ የማይታወቅበት ሽልማት ከጥቅሙ ይልቅ ቅሬታው ይበዛልና።

በየከተማው የለመድነው ግን ሌላ ነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል በመንገዱ ዳር አበባ በጥድፊያ ይተከላል፤ እንግዳው በተመለሰ በሳምንቱ ውሃ የሚያጠጣው ጠፍቶ ይደርቃል፤ ለሚመጣው እንግዳ ደግሞ እንደገና ይገዛል። የቼልሲውም አበባ ለጥቂት ቀን ነው፤ ነገር ግን በስተኋላው ዘር የሚለይ፣ ችግኝ የሚያባዛ፣ ስሙን ጽፎ የሚያኖር ቋሚ የችግኝ ማፍያ አለ። ስለዚህ ለአበባ ገንዘብ የሚመድብ ሹም አስቀድሞ ለውሃ ቅርብ የሆነ መሬትና አንድ የሚያውቅ አትክልተኛ ቢያዘጋጅ፣ ወጪው በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ለዚሁ ማፍያ የሚሆነው ተክልም በደጃችን አለ። በጉራጌ፣ በሲዳማና በከፋ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ምግብ የሆነውን እንሰት ጄምስ ብሩስ በ1790 ዓ.ም ባሳተመው መጽሐፉ ለአውሮፓ አስታወቀ፤ በ1853 ዓ.ም ደግሞ በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ፍሬውን ኪው ወደተባለው የለንደን የአታክልት ስፍራ ላከ። ዛሬ ቅጠሉ ወደ ቀይ የሚያደላው ዓይነት በአውሮፓ ግቢዎች ለጌጥ ይተከላል፤ ውርጭ ስለሚገድለውም በብርዱ ወራት ወደ ቤት ያስገቡታል። በደጋችን ለአጥር የምናውቀው ነጭ አበባ ያለው ቀጋም ራሱ የጽጌ ረዳ ወገን ነው። እኛ ግን ወደ ውጭ የምንሸጠው ጽጌ ረዳ አብዛኛው በሌላ አገር ሰዎች የተዳቀለ ዘር ስለሆነ፣ ለአዳቃዩ ክፍያ ይከፈልበታል።

በትርኢቱ የመጨረሻ ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ደወል ይደወላል፤ ያን ጊዜ ሲታይ የዋለው ተክል ለሕዝብ ይሸጣል። ጎብኚውም ከቁመቱ የሚበልጥ አበባ ታቅፎ በባቡርና በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ በግቢው ሊተክለው ወደ ቤቱ ይሄዳል።