ለፌዛንት የሚሆን ጠመንጃ

ፌዛንት ከዶሮ ወገን የሆነ የዱር ወፍ ነው፤ የኛ ቆቅም ዘመዱ ናት። አውራው ፊቱ ቀይ፣ አንገቱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሲሆን ከአንገቱ ሥር ነጭ ቀለበት አለው። እንስቷ የደረቀ ሣር መልክ ስላላት ካልተነሣች አትታይም።

ትውልዱ እስያ ነው። በሻንጋይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ኦወን ዴኒ በ1881 እና በ1882 ወደ ኦሪገን ላከው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ሬድፊልድ አካባቢ በ1908 ተለቅቆ ተራባ፤ በ1919 አደኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንዲት ቀን ተፈቀደ፤ በ1943 የግዛቷ ይፋዊ ወፍ ሆነ። ዛሬ በጥሩ ዓመት እዚያ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ይታደናል። ወቅቱ የሚከፈተው በኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 3 አውራ ይፈቀዳል፤ እንስቷን መተኮስ ክልክል ነው። አንድ አውራ ብዙ እንስቶችን ስለሚያጠቃ አውራዎቹ ቢቀነሱም የመጪው ዓመት ጫጩት አይጎድልም። ሱ ፎልስ ወይም ሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ ብርቱካናማ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎችና ውሾች በእርሻው ዳር ሲያልፉ እያዩ ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል። እኛ ከቆቅና ከጅግራ አገር የመጣን ሰዎች ነን፤ ይህ አደን ሊናፍቀን ይገባል።

ፌዛንት ከመብረር መሮጥ ይወዳል። በበቆሎው መስመር መሐል አንገቱን አቀርቅሮ ይሸሻል፤ ረግረጉ ዳር ያለው ደንገል ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በእግር ነው የሚዋለው፣ ያለ ውሻም አይሞከርም። የውሻው ጭራ መወዛወዙ ሲፈጥን፣ አፍንጫው መሬት ለመሬት ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ቀና ሲል ልብ መምታት ይጀምራል። ከዚያ ወፉ ከእግር ሥር እየጮኸ ይነሣል፣ ክንፉ እየተንኳኳ ሽቅብ ይወጣል፣ ከሰው ቁመት በላይ ሲደርስ ነፋሱን ይዞ ይታጠፋል። ያችን ቅጽበት የሚተካ ደስታ አላውቅም።

አሁን ወደ ጠመንጃው፣ ማለትም እንክብል ወደሚረጨው ሾትገን ልምጣ። ከብዙ ሰው የምሰማውና የሚያንገበግበኝ ወሬ «ሾትገን ይረጫል፤ እንዴት ይሳታል?» የሚለው ነው። ይስታል፤ አዘውትሮ ይስታል። ከቀለሁ የሚወጡት እንክብሎች 30 ሜትር ላይ ሲደርሱ የሚሸፍኑት አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ክብ ነው። በጎን የሚያልፍ አውራ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ እንክብሎቹ እስኪደርሱበት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሄዷል። በዚህ ላይ ጭራው አለ። አውራው ከምንቃሩ እስከ ጭራው ጫፍ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ግማሽ ያህሉ ጭራ ነው። ዓይን ደግሞ የሚያየውን ነገር መሐል ይፈልጋል፤ የዚህ ወፍ መሐሉ ጭራው የሚጀምርበት ቦታ ነው። ተኳሹ «አገኘሁት» ሲል የሚበተነው ላባ ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። ነጩን ቀለበት ብቻ እዩ፤ ሌላውን የወፉን አካል እርሱት።

ማየት ብቻውንም አይበቃም። ሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ ያንን ሥራ የሚሠራው የተኳሹ ዓይን ነው፣ ዓይንን በቦታው የሚያስቀምጠው ደግሞ ሰደፉ ነው። ጉንጭ የሚያርፍበት ጠርዝ ከፍ ካለ ተኩሱ ወደ ላይ፣ ዝቅ ካለ ወደ ታች ይሄዳል። ሰደፉ ከረዘመ የክረምት ካፖርት ብብት ሥር ይያዛል። ሰዎች ገበያ ወጥተው ስለ ጥይቱ ኃይልና ስለ ብረቱ ቅርጽ ይጠይቃሉ፤ ስለ ሰደፉ ልክ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ጫማ ሳይለካ የሚገዛ ሰው አለ?

ይህን ያሳየኝ ሱ ፎልስ አቅራቢያ እርሻ ያላቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ጠመንጃቸውን ከፍተው ባዶነቱን አሳዩኝ፤ እኔም ጣቴን አስገብቼ አረጋገጥኩ። መስታወት ፊት አቆሙኝና «ዓይንህን ጨፍን፤ ወደ ትከሻህ አምጣው፤ አሁን ግለጥ» አሉኝ። መስታወቱ ውስጥ ስመለከት የቀኝ ዓይኔ ግማሹ በብረቱ ተጋርዷል። ሰደፉ ለሳቸው ረጅም ክንድ የተሠራ ነበር። ከቁም ሣጥን አጠር ያለ ባለ 20 ጌጅ አውጥተው ያንኑ አስደገሙኝ፤ ዓይኔ ልክ ከብረቱ አናት ላይ ቁጭ አለ። «በቃ፣ ያንተ መጠን ይኼ ነው» አሉ።

ስለ ጌጅ በአጭሩ፦ የአፈሙዙን ስፋት የሚሞሉ ድቡልቡል የእርሳስ ኳሶች ስንት ሲሆኑ አንድ ፓውንድ እንደሚመዝኑ የሚናገር ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ይጠባል፤ የ12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ የ20 ጌጅ 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። ለነፋሻ ቀንና ለወቅቱ መጨረሻ 12 ይሻላል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሄድ ሰው ግን ቀለል ያለ 20 ውለታው ትልቅ ነው።

ከስመ ጥሮቹ ጠመንጃዎች ውስጥ የጠመንጃ ፈልሳፊው ጆን ብራውኒንግ በ1900 የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ ከኋላው ጎበጥ ያለው ኦቶ 5 አለ፤ እስከ 1998 ተሠርቷል። በ1937 የወጣው ኢታካ 37 ቀለሁን በሆዱ በኩል ስለሚጥል ለግራኝም ለቀኝም እኩል ይመቻል። የኔ ፍቅር ግን ባለ ሁለት አፈሙዙ ነው። ብራውኒንግ በ1926 ቤልጅየም ውስጥ ሲሞት ሳይጨርሰው የቀረውና ልጁ ቫል የቀጠለው ሱፐርፖዝድ በ1931 ለገበያ ወጣ። አፈሙዞቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። ሲከፈት ባዶ መሆኑን አጠገብ ያለው ሰው ሁሉ ያያል፤ ከዚህ የበለጠ የጓደኛ አክብሮት አላውቅም።

የሽቦ አጥር ሲሻገሩ ጥይቱን የማያወጡ ሰዎች ያናድዱኛል። ሣሩን ታክኮ በሚበር ወፍ ላይ የሚተኩሱት ይብሳሉ፤ ውሻው እየዘለለ ነው! ከወፉ ኋላ ሰማይ ካላያችሁ ቃታውን ተዉት። የቆሰለ ወፍ ደግሞ መሮጡ አይቀርም፤ የወደቀበትን ቦታ ከዓይናችሁ ሳታርቁ ቶሎ ውሻውን ላኩ።

ቤት እስክትደርሱ አውራ መሆኑ እንዲታወቅ ከጭንቅላቱና ከእግሩ ቢያንስ አንዱን ሳትቆርጡ ተዉት፤ ሕግ ነው። ወጡ እንደ ዶሮ ወጥ ይሠራል፤ ሥጋው ስብ ስለሌለው ጭኑን ቀደም አድርጋችሁ ጨምሩ፣ ደረቱን ግን ወጡ ሊወጣ ሲል። ከመጨመራችሁ በፊት ሥጋውን በጣት ዳስሱት፤ የቀረ እንክብል ካለ ጥርስ ይሰብራል።